ካውያ ያልነካው ሰደርያ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ሊያጽናኑን የመጡ ሰዎች ስለ እሱ ብዙ አወሩ። ሁሉም በፍቅር ነው ያወሩት፤ አብዛኛው ግን ትክክል አልነበረም። አንድ ጎረቤት የሚያንጸባርቀውን ቢጫ ሰደርያ የፈጠረው እሱ ነው አለ። አልፈጠረም፤ እሱ ገና ቁምጣ ለብሶ ኳስ ሲያባርር የመንገድ ሠራተኞች ይለብሱት ነበር። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የስንት ሰው ሕይወት እንዳተረፈ ቁጥር ጠርተው ተናገሩ። ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው «ሰው ሁሉ የሚለው ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትም፣ እስከ ዛሬ የምሠራውም የመዝገብ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ማስረጃ አይሆነኝም። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን ደግሞ ከማን እንደሰማሁት እየጠቀስኩ የወንድሜን ታሪክ እጽፋለሁ። ደግሞም ታሪኩ የሚያስቅ ነው። እንዲህ የሚያስቅ ነገር ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ አንገት ተደፍቶ ሲወራ መስማት ከሐዘኑ ባልተናነሰ አስከፍቶኛል።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ታላቄ ስለሆነ እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «ሚሊሜትር» በሚል ስም ነው። ስሙ የወጣለት፣ ደንበኛ «እጅጌው ትንሽ ይጠር» ባለው ቁጥር «ትንሽ ስትል ስንት ሚሊሜትር?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ሱቁ በቁልፍ ቀራጭና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነበረች። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፣ በሩ ላይ የተንጠለጠሉ ያለቀላቸው ኮቶች። የሚሰፋው የወንድ ሙሉ ልብስ ነው፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ከእነዚህ ሌላ ቀለም ወደ ሱቁ ሲገባ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። አንድ ሙሽራ ቀይ ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው፣ ጋሼ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ወንድም፣ ልታገባ ነው ወይስ መኪና ልታስቆም?» አለው። ሙሽራው ግራጫ ለብሶ አገባ።

ሌላው ጠባዩ ካውያ ነው። ከሱቁ ሳይተኮስ የሚወጣ ነገር አልነበረም። አንድ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣ ሰው ሸሚዙን ከነአንገትጌው ተተኩሶ ይረከባል። ስፌቱ የተተረተረ ጃንጥላ ያመጣች ተማሪ ነበረች። ጃንጥላውን ሰፋላት፤ ከዚያ ዘረጋግቶ ተኮሰላት። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ምን ትበል፣ አመስግና ወጣች።

ሚስቱን ያገኛትም በሥራው ነው። የአምቡላንስ ነርስ ናት፤ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። ከአምቡላንስ ጣቢያው የተሰጣት የሥራ ልብስ ሰፍቷት መጣች። እንዲጠብላት ብቻ ሳይሆን ጭኗ ላይ ኪስ እንዲሠራላት ነው የፈለገችው። «መቀሱ ስቀመጥ እንዳይወጋኝ፣ ስፈልገው ደግሞ ሳላይ እጄ እንዲገባ» አለችው።

«ስንት ሚሊሜትር ዝቅ ይበል?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ? እጄ እዚህ ነው የሚደርሰው። አንተ ለካው።»

ለካው። ኪሱ ትንሽ ጠበበ ብላ ተመለሰች፤ አስተካከለላት። ክዳኑ ያስቸግራል ብላ ተመለሰች፤ ክዳኑን አነሳላት። ከዚያ በኋላ ይዛ የመጣችው እንከን የፈጠራ ነው ይል ነበር ጋሼ። ሲስተር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ክሩ በእውነት ተፈትቶ ነበር ትላለች። ሁለቱንም ቃል አስቀምጫለሁ፤ የተጋቡ መሆናቸው ግን አያከራክርም።

ካገባት በኋላ የሥራ ልብሷን እንደ ሙሉ ልብስ አድርጎ ሰፋላት። ጨርቁ የጣቢያው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ትከሻው የሷ፣ ወገቡ የሷ፣ ሱሪው እንደ መስመር የወረደ። ጓደኞቿ አይተው ተከታትለው መጡ። ጥቂት ቆይቶ የአምቡላንስ ጣቢያው ሰዎች ከባንክ ሥራ አስኪያጅ በላይ ዘንጠው ቁስለኛ ማንሳት ጀመሩ። ጋሼ በመንገድ ሲያልፉ ሲያያቸው ደረቱ ይነፋ ነበር።

ጣቢያው ለሁሉም የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ሰጥቷል። ቢጫው ዓይን የሚወጋ፣ ሁሉም በአንድ ልክ የተሰፋ፣ ሁለት ሰው ቢገባበት የማይጠብ ነገር ነበር። ኃላፊው ማስጠንቀቂያ ስለለጠፈ ሁሉም ለብሰውት ከግቢ ይወጣሉ፤ መኪናው ገና መጀመሪያው ኩርባ ላይ ሲደርስ ይወልቃል። የሲስተር ሰደርያ ከመቀመጫዋ ኋላ ባለው ማንጠልጠያ ላይ ይኖር ነበር። ጋሼ ይህን አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅም።

የነገረው የአምቡላንሷ ሾፌር ነው። አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሉታል። አንድ ቀን ጠዋት የተበላሸ ዚፕ ይዞ ሱቅ ገባ።

«ጋሼ ሚሊ፣ ይቺን ዛሬውኑ ካልቀየርክልኝ ሱሪዬ ከሥራ ሊያስባርረኝ ነው። በነገራችን ላይ የትናንቱን ሲስተር ነገረችህ አይደል?»

«የቱን?»

«አልነገረችህም? ተወው በቃ።»

«ሬዲዮ።»

«ምንም እኮ አይደለም! ደህና ናት። ከከተማ ስትወጣ ያለው ኩርባ ላይ፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ልጅ እግር ተንበርክካ እያሰረች ነበር። አመሻሽ ነው፣ ጭጋግም አለ። አንድ የጭነት መኪና በጎኗ እልም! ነፋሱ ቆቧን ይዞት ሄደ። ሾፌሩ ወዲያ ሄዶ አቁሞ በሩጫ መጣ። ‹ማሪኝ እህቴ፣ የወደቀ ጎማ መስለሽኝ ነው› አላት።»

«ጎማ?»

«ጎማ። ጥቁር ነገር ነው ያየሁት ነው የሚለው።»

«ሰደርያዋስ?»

«ማንጠልጠያው ላይ ነዋ! አንተ እንዲህ አሳምረህ ሰፍተህላት ማን በጆንያ ይሸፍነዋል? እኔስ ብሆን፣ ይኸው እየው ይሄን ትከሻ!»

ይህን ከሁለቱም ሰምቻለሁ። ሬዲዮ ጋሼ መቀሱን ከእጁ ጣለው ይላል፤ ጋሼ ደግሞ አስቀመጥኩት እንጂ አልጣልኩትም ይል ነበር። ያም ሆነ ይህ የዚያን ቀን ሌላ ጨርቅ አልቆረጠም። ሚስቱ በመንገድ ዳር ለሾፌሮች እንዳትታይ ያደረጋት የራሱ ጥሩ ስፌት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲስተር መንገድ ላይ ስትወርድ ሰደርያ እንድትለብስ፣ ለብሳም እንዳታወልቀው።

ያን ዕለት እራት አብሬያቸው በላሁ፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ያየሁት ነው።

«ጎማ መሰልሽው» አላት ገና ሳትቀመጥ።

ሲስተር ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ያ ሬዲዮ! ነገ አፉን በፕላስተር ነው የማሽግለት።»

«ለምንድን ነው የማትለብሺው?»

«ልንገርህ? ስጎነበስ ፊት ለፊቱ ተንዠርጎ በሽተኛው አፍ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ለብሼው የወጣሁ ቀን አንድ ሽማግሌ ‹ልጄ፣ መኪናው ስቶኛል፣ አንቺ ግን ልታፍኚኝ ነው› ብለውኛል። ደግሞ ኪሴን ይሸፍነዋል፤ መቀስ ስፈልግ ራሴን እንደ ሌባ እፈትሻለሁ። የቃሬዛው እጀታ ውስጥ ይገባና ከበሽተኛው ጋር አብሮ ያነሳኛል። ሥራ ነው የምሠራው እኔ፣ ድንኳን ለብሼ መቆም አልችልም።»

«እና በጭጋግ መሃል ጥቁር ሰማያዊ ለብሰሽ ትንበረከኪያለሽ?»

«ጥቁር ሰማያዊውን ማን ሰፋው?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። እሱ እኔን በስሜ አይጠራኝም ነበር፤ የሚጠራኝ በሥራዬ ነው። «አንቺ መዝገብ ቤት፣ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ፍርድ አልሰጥም፤ የሁለታችሁንም ቃል ተቀብያለሁ» አልኩት።

«ትልቅ ነገር ነው የረዳሽን» አለና ወደ ሚስቱ ተመለሰ። «ነገ ሱቅ ነይ። ከነቦርሳሽ፣ ከነዕቃሽ። በሽተኛም ይዘሽ ነይ።»

በሽተኛው ሬዲዮ ነበር። ጋሼ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ወለሉን ጠርጎ፣ መጋረጃውን ሳበ። ቁልፍ ቀራጩ ግን መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ነው የዋለው።

«ወለሉ ቀዝቃዛ ነው ጋሼ» አለ ሬዲዮ ተንጋሎ።

«ራስህን ስተሃል፤ ዝም በል» አለችው ሲስተር።

«ራሱን የሳተ ሰው እኮ ይቃዣል።»

«በልብህ ቃዥ።»

ተንበረከከች። አንገቱን ደገፈች፣ እግሩን አሰረች፣ ወደ ቦርሳዋ ተጠማዘዘች፣ ተመለሰች። ጋሼ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። መላ ዘመኑን የለካው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ትንፋሹን ዋጥ ያደረገ፣ መስታወት የሚያይ ሰው ነው። የተንበረከከ ሰው ለክቶ አያውቅም። ዙሪያዋን እየዞረ ሲያያት ቆየና እሱም ከኋላዋ ተንበረከከ። ሰው ሲጎነበስ ጀርባው ይረዝማል፣ ፊቱ ይታጠፋል፣ ወገቡ ይጠፋል። ሬዲዮ ጆንያ ያለው የጣቢያው ሰደርያ ላይ ያለው አንጸባራቂ ጥብጣብ ደግሞ የተሰፋው ልክ ወገቡ ላይ ነው፤ እሷ ስትንበረከክ ሆዷ ሥር ታጥፎ ይገባል። ከኋላ ለሚመጣ ሾፌር የሚቀረው ትከሻና የጀርባ ላይኛው ክፍል ነው። ጋሼ በጠመኔ እዚያ ላይ አሰመረ።

«እጅሽን ዘርጊ። አሁን እጠፊ። አሁን መቀስሽን አውጪ።»

«ጠመኔው እየኮረኮረኝ ነው!»

«በሽተኛ እያከምሽ ነው፤ አትሳቂ።»

«እኔ እየሞትኩ ነው» አለ ሬዲዮ።

ሲስተር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በሽተኛዋ ደረት ላይ ተደፋች። ጋሼ ግን አልሳቀም። የሰው ጀርባ ሲጎነበስ በምን ያህል እንደሚረዝም ለክቶ ሲጽፍ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ፣ በሠርጉ ቀን ካየሁበት ጋር የሚስተካከል ነው። ሠርጉ ላይም ነበርኩ፤ ማወዳደር እችላለሁ።

ጨርቁን ሊገዛ ብቻውን ሄደ። ዓይን የሚወጋውን ቢጫ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ብብቱ ሥር ሸሽጎ አመጣው። ቁልፍ ቀራጩ «ምን ይዘሃል?» ሲለው «ገበር» አለው። ሱቁ ውስጥ ሲዘረጋው ግድግዳው ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ በመስታወቱ ውስጥ እሱም ቢጫ ሆነ። «አቤት ጩኸቱ» አለ። ግን ቆረጠው።

የሰፋው ሰደርያ የሚያምር ነበር። ፊቱ ሲጎነበሱ እንዳይንዠረገግ አጠር ብሎ ደረት ላይ የሚዘጋ፣ ኋላው ረዘም ብሎ ዳሌ የሚሸፍን፣ ኪሱ ከሥር ካለው ኪስ ጋር የተገጣጠመ። ጎኑን በዚፕ ፋንታ ሲጫኑት በሚጣበቅ ቬልክሮ አደረገው፤ ቃሬዛ ወይም የመኪና መስታወት ቢይዘው ቻርርር ብሎ ይላቀቃል፣ ሰው ጎትቶ አይወስድም። ጥብጣቡ በሁለቱም ትከሻ ወርዶ በጀርባ ላይ ይጋደማል። ጨርሶ ሲሰቅለው እንደ ልማዱ ካውያውን አግሎ ተኮሰው። ጨርቁን ተኮሰ፣ ስፌቱን ተኮሰ፣ ጥብጣቡን ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠበቅ አድርጎ ተኮሰው፤ መስመሩ እንዲሰምር። በሬዲዮ እጅ እንዳይጨማደድ በማንጠልጠያ አድርጎ እሱው ራሱ ጣቢያ ድረስ ይዞት ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ።

ሰዎቹ ተሰበሰቡ። ኃላፊውም መጣ። ሲስተር ለበሰችው፣ ተንበረከከች፣ ተጠማዘዘች፣ መቀሷን ሳታይ አወጣች። «እጄን አልያዘኝም» አለች። ጋሼ ፈካ። ከዚያ ሬዲዮ «በሉ እንግዲህ በመብራት እንየው» አለና የአምቡላንሱን መጋዘን በሮች ዘጋ። ቀን ቢሆንም ውስጡ ጨለመ። በአንድ በኩል ሲስተር፣ በሌላው በኩል አሮጌውን ጆንያ የለበሰች ጓደኛዋ ተንበረከኩ። ሬዲዮ መኪናው ላይ ወጥቶ የፊት መብራቱን አበራ።

ጋሼ በጎን ቆሞ ነበር። «ሁለቱም አያበሩም እኮ» አለ።

«ከዚያ አይታይም ጋሼ፣ እዚህ ና፣ አጠገቤ ውጣ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥብጣቡ አመድ የመሰለ ጨርቅ ሲሆን፣ ላዩ ላይ በዓይን የማይለዩ የብርጭቆ ፍንጣሪዎች ተለጥፈውበታል። ያረፈባቸውን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ስለዚህ የሚያየው መብራቱ አጠገብ ያለ ሰው፣ ማለትም ሾፌሩ ነው። ጋሼ ወጣ፤ እኔም ከኋላው ወጣሁ። አሮጌው ጆንያ፣ ያ የተቀዳደደው፣ ዘይት የነካው፣ እንደ ብር ቦግ ብሎ ይነዳል። የሲስተር ሰደርያ ላይ ያለው ጥብጣብ ግን የቀዘቀዘ አመድ ነበር። መስመሩ የሰመረ፣ ውብ፣ ድርግም ያለ አመድ።

«ምን አድርገህበት ነው?» አለ ሬዲዮ።

ጋሼ ወዲያው ገባው። «ተኮስኩት» አለ።

የጋለው ካውያ ፍንጣሪዎቹን የያዘውን ሙጫ አቅልጦ ሁሉንም ደፍጥጧቸዋል። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው ሳይቀር ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ከወለሉ ላይ «ምንድን ነው? ምን ሆነ? አምሮብኛል?» የምትል የሲስተር ድምፅ ትሰማለች። ጋሼ ከመኪናው ወርዶ ሰደርያውን ከትከሻዋ ላይ በቀስታ አወለቀላት። «አሳምሬ አጥፍቼሻለሁ» አላት፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። መንገድ ላይ ስንመለስ ግን አልሳቀም። ጆንያው በራ፤ የሱ ጠፋ። ጆንያውን ደግሞ አትለብስም።

ሁለተኛውን ሊሰፋ ሲቀመጥ ካውያውን ገመዱን ጠቅልሎ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። «መዝገብ ቤት፣ ውሰጂና ቆልፊበት። ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ።»

«ካውያ እኮ ነው ጋሼ፣ ሲጋራ አይደለም።»

«አንቺ አታውቂኝም።»

አውቀዋለሁ። በማግስቱ መጣ። «ለአንድ ደንበኛ ሱሪ ብቻ ነው» አለኝ። በሩን ሳልከፍት አሰናበትኩት። የደንበኛው ሱሪ በፎቶ ቤቱ ካውያ እንደተተኮሰ በኋላ ፎቶ አንሺው ነግሮኛል። ሰደርያው ግን አልተተኮሰም። ጋሼ ስፌቱን በጥፍሩ እየተጫነ፣ በመዳፉ እየደባበሰ፣ ከባድ የጨርቅ ጥቅል እየጫነበት ሊያቃናው ሞከረ። ቢሆንም ትከሻው ላይ ሽብሽብ ቀረ። ያ ሽብሽብ ለእሱ ምን ማለት እንደነበር የሚገባው ጃንጥላ ሲተኩስ ያየ ሰው ብቻ ነው። አጣጥፎ ሲሰጣት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሲስተር ዘረጋችው፣ አየችው፣ ግንባሩን ነካች። «ትኩሳት አለህ እንዴ? ይሄ የተጨማደደ ነገር ከአንተ ሱቅ ነው የወጣው?»

«በመብራት አይቼዋለሁ። ይበራል።»

«እሺ፣ እሞክረዋለሁ። ግን ስማኝ፤ አንዴ ሥራዬን ካደናቀፈኝ ማንጠልጠያው ላይ ነው የሚያድረው። ደግሞ በየቀኑ ‹ለበስሽ? አልለበስሽም?› እያልክ እንዳትጨቀጭቀኝ።»

«አልጠይቅም።»

አልጠየቃትም። ሬዲዮን ነው የጠየቀው። ሲስተር ግን ቀድማው ነበር፤ ስለ ሰደርያው አንዲት ቃል ከተናገርክ ከእንግዲህ ከቤት ቁርስ አላመጣልህም ብላ አስፈራርታዋለች። ሬዲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጢር ጠበቀ። ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ አማቱ ጉልበት፣ ስለ ኳስ ሁሉ ያወራል፤ ጋሼ ወደ ሰደርያው ሲመልሰው ጣሪያ ያያል። «ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» ይላል። ጋሼ በእነዚያ ቀናት ከሳ። የአንድ ደንበኛ ኮት ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጠመ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላጋጠመውም።

በኋላ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ለትራፊክ ፖሊሶች፣ የተበላሸ መኪና ለሚጎትቱ ሰዎች ሁሉ ተንበርክኮ እያስተኛቸውና እያስጎነበሳቸው ሰፍቷል። ያ ግን ሌላ ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት የነበረው አንድ ሰደርያና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ትለብሰዋለች ወይስ አትለብሰውም?

አንድ ከሰዓት በኋላ ገበር ልንገዛ አብረን በአውቶቡስ ሄድን። ስንመለስ ዝናብ ያዘን፤ ሰማዩ ጠቁሮ መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ ይጓዛል። ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ያለውን ቁልቁለት ስንጀምር ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ምን አዘገየህ?» አሉ ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት።

«ሰው አለ እታች። አይታይዎትም? ይኸው ቦግ ያለው።»

ጋሼ ብድግ አለ። በዝናቡ መሃል፣ በጎኑ የወደቀ ትንሽ የጭነት መኪና አጠገብ፣ አንድ ሰው ተንበርክኳል። የሰው ቅርጽ አይለይም። የሚታየው ሁለት ነጭ መስመር በትከሻ ላይ፣ አንድ መስመር በጀርባ፣ በዙሪያው ቢጫ። ከፊታችን ያሉት መኪናዎች አንድ በአንድ ወደ ግራ እየወጡ፣ ቀስ እያሉ ያልፋሉ።

«ሲስተር ናት» አለ ጋሼ። መጀመሪያ ለእኔ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ለአውቶቡሱ ሁሉ፦ «ሚስቴ ናት!»

«ወይኔ፣ ተጎዳች?» አሉ እናትየዋ።

«ኧረ የለም! እያከመች ነው!» ወደ ሾፌሩ ተንደርድሮ ሄደ። «ወንድም፣ ከየት ጀምሮ ነው ያየሃት?»

«ጌታዬ፣ እየነዳሁ ነው።»

«እሱማ አዎ፣ ግን ከየት? ከማደያው ነው ወይስ ከማደያው በፊት?»

«ከቁልቁለቱ አናት። አሁን ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። እናትየዋን ጠየቀ፤ እሳቸው መነጽር ስላላደረጉ ምስክርነታቸው ውድቅ ሆነ። አንድ ጎልማሳ «እኔ ተኝቼ ነበር» አለው። ጋሼ «እንዴት በዚህ ሰዓት ይተኛል!» ብሎ ተቆጣው። በአጠገቧ ስናልፍ መስኮቱን በመዳፉ ጠርጎ ፊቱን ለጠፈበት። እሷ ቀና አላለችም። የተጎዳውን ሰውዬ ክንድ እያሰረች ነበር፤ ቀኝ እጇ ወደ ኪሷ ወረደ፣ መቀስ ይዞ ወጣ፣ ዓይኗ ከክንዱ ላይ አልተነሳም። ሬዲዮ በስተኋላ ቆሞ፣ ለብቻው እያወራ፣ ለመኪናዎቹ እጁን ያወዛውዛል። ሰውየው ከተሰበረው እጁ ሌላ ጉዳት እንዳልነበረበት ኋላ ሰምተናል።

ከአውቶቡስ ወርደን በዝናብ ስንሄድ ጋሼ ወደ መጣንበት ደጋግሞ እየዞረ ያያል። «ምን ሆንክ? ለብሳዋለች እኮ» አልኩት።

«ዛሬ ለብሳዋለች። ዝናብ ስለሆነ ይሆናል። ነገስ?»

ቤት ገብተን ምግብ አሞቅን። እሱ በሩን ሲያይ፣ እኔ እሱን ሳይ ቆየን። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሲስተር በስብሳ ገባች፣ ቦርሳዋን ወረወረች፣ ጫማዋን አወለቀች። «ርቦኛል፤ ማንም ምንም እንዳይጠይቀኝ» አለችና ማዕዱ ላይ ተቀመጠች። መብላት ጀመረች።

ጋሼ አየኝ። አየሁት። ሰደርያውን አላወለቀችውም። ከጣቢያው ወጥታ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ዋናውን መንገድ ተሻግራ፣ ሱቅ ገብታ ዳቦ ገዝታ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ እዚህ ተቀምጣ እየበላች፣ ላይዋ ላይ ነው። ቤቱ ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ እሷ አላወቀችም።

«ዛሬ መንገዱ እንዴት ነበር?» አላት ጋሼ፣ ድምፁን እንደ ምንም አስተካክሎ።

«ጉድ ነው። ሰዉ ዛሬ ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም። ስሻገር መኪናው ሁሉ ቆመልኝ። አንዱ ታክሲማ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ‹እለፊ እህቴ› አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወጣት ተነስቶ አስቀመጠኝ። ይህች ከተማ ጨዋ ሆናለች ብዬ ተገርሜ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይታ «ምን ያስቅሃል?» አለችው። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም አልቻልኩም። ያኔ ነው ዝቅ ብላ ራሷን ያየችው።

«ውይ!» አለች። እጇን ወደ ቬልክሮው ሰደደች፤ ከዚያ መለሰችው። «ተወው እስቲ፣ ልብላበት።»

ጋሼ ሳህኗን ወስዶ ጨመረላት።